በስማችን አቤት ያለው

የጋሼ ይስማውን ማረፍ የነገረኝ ከማላውቀው ቁጥር የደወለ ሰው ነው። ገበያ ውስጥ ድንች እየመረጥኩ ነበር። ዘመዳቸው ነኝ አለኝና ጎንደር ታመው በተኙበት ማረፋቸውን፣ ቀብሩም ጉና ተራራ ሥር፣ በተወለዱበት ደብር እንደሆነ ነገረኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁት። አላለቀስኩም። ከግፊያው ወጥቼ አንድ ግንብ ጥግ ቆምኩና ከራሴ ስልክ ውስጥ የልጃቸውን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩላት። «እውነት ነው፣ ትርንጎ» ስትለኝ ነው ያመንኩት።

እንዲህ ማድረግን ያስለመዱኝ ራሳቸው ናቸው። ለጋሼ ይስማው ደውሎ ወዲያው ጉዳይ መናገር አይቻልም ነበር። ድምፅ ይሰማሉ፣ ሰላምታ ይቀበላሉ፣ ከዚያ «ቆይ፣ እኔ ልደውል» ይሉና ይዘጋሉ። እሳቸው በያዙት ቁጥር መልሰው ሲደውሉ ነው ጨዋታው የሚጀመረው። ሚስታቸው ስትደውልም እንደዚያው ነበሩ። በዚህ የሚስቅባቸው ብዙ ነበር። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄአለሁ።

ያወቅኋቸው ደብረ ታቦር፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ነው። ክሊኒኩ በጉና ግርጌ ባለችው ገሳይ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው። የታካሚዎቹ መረጃ በሙሉ የተቀመጠው ደብረ ታቦር ባለው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ፣ የገሳይ ነርሶች ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ በርቀት እዚያ ሰርቨር ውስጥ ገብተው ነው የሚሠሩት። እጃቸው ገሳይ ነው፤ የሚጽፉት ግን ደብረ ታቦር ነው። ሲገቡ ሁልጊዜ አንድ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ይመጣባቸዋል። አንብቦት የሚያውቅ አልነበረም። «አዎ» የሚለውን ተጭኖ ማለፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው እኔ ከመቀጠሬ ትንሽ ቀደም ብሎ ይመስለኛል። መብራት ሄዶ በመጣ ቀን ገሳይ ላይ የተመዘገበ ሰው በማግስቱ አይገኝም። ነርሷ መዝግቤዋለሁ ትላለች፣ ታካሚውም ስትጽፍ አይቻለሁ ይላል፣ ሰርቨሩ ውስጥ ግን የለም። ይኼስ ከስሕተት ይቆጠራል። የከፋው ሌላው ነው። አንዳንድ ቀን ነርሶቹ ሲገቡ፣ ተራ የሚጠብቁ ታካሚዎች ስም ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ ጥቂቶቹ ሞተዋል። ገሳይ ትንሽ ከተማ ናት። ማን እንደተቀበረ ሁሉም ያውቃል። ሰብለ የምትባለው ወጣት ነርስ አንድ ቀን የአክስቷን ባል ስም ከተጠባባቂዎቹ መሃል አየችና ወንበሩን ገፍታ ወደ ደጅ ወጣች። ሙት ዓመታቸው የወጣው በዚያው ሰሞን ነበር።

በማግስቱ ሲገቡ ወረፋው ንጹሕ ነው። እኔም ደብረ ታቦር ሆኜ ስፈልግ ምንም አላገኝም። ሠራተኛው ማሽኑ ደህና አይደለም ማለት ጀመረ። ጸበል መጣ፤ ጸበሉ የተረጨበት ኪቦርድ ተበላሸና ሌላ ላክሁላቸው። ከሰዓት በኋላ የጉና ጉም ወርዶ መስኮቱን ሲሸፍነው ብቻዋን እዚያ ኮምፒውተር ፊት የምትቀመጥ ነርስ ጠፋች። ያልፈራችው የቅርንጫፉ ኃላፊ ሲስተር ዘነበች ብቻ ነበረች። ረጋ ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። «አዎ በሉና ግቡ፣ ምንም አይደለም» ትላቸዋለች። የፈሩ ቀን እሷው ትቀመጣለች።

ከዚያ የነፍሰ ጡሯ ነገር መጣ። ሴትዮዋ ከጉና ሥር፣ ከሩቅ በበቅሎ የመጣች ናት። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት በፊት በመጣች ጊዜ ተመዝግቦላት ነበር። ሰብለ ስሟን አስገብታ ብትፈልግ እንዲህ የሚል ነገር አላየችም። መርፌውን ወጋቻት። ሴትዮዋ ወዲያው ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽ አጠራት። ሲስተር ዘነበች ከውጭ ሮጣ ገብታ፣ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሰጥታ፣ እስኪመለስላት ድረስ እጇን ይዛ አጠገቧ ተንበርክካ ቀረች። ሴትዮዋ ተረፈች። ሆዷ ያለውም ተረፈ። ሲስተር ዘነበች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምንም አይደለም» ማለቷን ተወች፤ ድንጋጤ ነው አልን።

የክሊኒኩ ባለቤት ሐኪም ሰው ነው። በሳምንቱ ጋሼ ይስማውን አስመጣቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በመገናኛ መስመር ሥራ የቆዩ፣ ኋላ ላይ ለብቻቸው የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ቀን በፀሐይ እንኳ የሱፍ ቆባቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ኪሳቸው የገብስ ቆሎ አያጣም። አንድ ማሽን ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው በእጃቸው ጀርባ መንካት ነው። ቢሮዬ ገብተው ከእኔ ኮምፒውተር እንደ ገሳይ ነርስ ሆኜ እንድገባ አዘዙኝ። ቢጫው ማስጠንቀቂያ መጣ፤ እጄ ወደ «አዎ» ሲሄድ ያዙኝ።

«ይኼን አንብበሽው ታውቂያለሽ?»

«ሁልጊዜ የሚመጣ ነው ጋሼ።»

«ሁልጊዜ መምጣቱን አልጠየቅሁሽም።»

መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በዝግታ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡት። «የዚህን ኮምፒውተር ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም። ቢሆንም መግባት ትፈልጋለህን?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወዳጄ፣ ይኼ ማሽን ከወዲያ ያለውን አላውቀውም እያለሽ ነው። እናንተ በየቀኑ ግድ የለም ትሉታላችሁ።»

«ግን የሚተላለፈው ሁሉ የተመሰጠረ ነው እኮ።»

«ይመሰጠራል። ከመንገድ ላይ ማንም አይሰማሽም። ግን በምስጢር የምታወሪው ከማን ጋር ነው?»

ማንኛውም ሰርቨር ሲገጠም ለራሱ ሰርተፍኬት እንደሚጽፍ፣ ይኼም መታወቂያውን ራሱ ጽፎ ማኅተሙን ራሱ ቀርጾ እንደመታ ሰው መሆኑን አስረዱኝ። እኔ ነኝ ይላል፤ ሌላ መጥቶ እኔ ነኝ ቢል መለያ የለም። የሠራነውም ይኼንኑ ለማስቀረት ነው። መጀመሪያ የክሊኒኩን የራሱን ማኅተም፣ ሌሎቹ ሰርተፍኬቶች ሁሉ የሚፈረሙበትን ዋናውን ሠሩ። ቁልፉን በፍላሽ አድርገው ዶክተሩ ካዝና ውስጥ አስቆለፉበት። በዚያ ማኅተም ለሰርቨሩ ሰርተፍኬት ፈረሙለት፤ ሰርቨሩም በርቀት ለሚመጣ ሁሉ የራሱን ትቶ ይኼን እንዲያሳይ አደረጉት። የቀረው፣ ገሳይ ሄደን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ማኅተሙን እንዲያውቀው ማድረግና «አዎ» የሚለውን ጨርሶ ማንሳት ነበር።

ገሳይ ከመሄዳችን በፊት ባለው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ጋሼ ይስማው አጋጣሚውን ተጠቅመው ሰርቨሩን እንደጠፋ መስመሩን ነቅለው ጠረጴዛ ላይ አወጡት፤ ክዳኑን ከፍተው አቧራውን በብሩሽ ይጠርጉ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ሰብለ ናት፣ ከገሳይ።

«ትርንጎ፣ ዛሬም መጥተዋል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ወረፋው በእነሱ ሞልቷል።»

«የት ነው የምታዪው?»

«ሰርቨሩ ውስጥ። ገብቼ እየሠራሁ ነዋ።»

ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የሰርቨሩ ሆድ ተከፍቶ፣ ገመዶቹ ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ስልኩን ለጋሼ ይስማው ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ዘጉት፤ የቅርንጫፉን ቁጥር ጠይቀውኝ መልሰው ደወሉ።

«ሰብለ፣ አሁን ገብተሻል?»

«ገብቻለሁ ጋሼ።»

«እስቲ አንድ ስም ጻፊ። ያስቀምጥልሻል?»

የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማል። «አስቀመጠልኝ» አለች።

«ተነሽ እንግዲህ። ምንም አትንኪ።» ስልኩን አስቀምጠው የተከፈተውን ማሽን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። ቀዝቃዛ ነበር። «እኛ ጋ ያለው ጠፍቷል» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ በስማችን አቤት የሚላት ማነው?»

ከዚያ ከገሳይ የሚመጣውን መስመር በእጃቸው እየዳበሱ መከተል ጀመሩ። ገመዱ በኮርኒሱ ሥር አልፎ፣ ከራጅ ክፍሉ ጀርባ ወዳለው መጋዘን ይገባል። ጥበቃው ቁልፉን ፈልጎ እስኪያመጣ በሩ ላይ ቆመን ነበር፤ ከውስጥ የሆነ ነገር ያለማቋረጥ ይነፍሳል። በሩ ሲከፈት የተሰበሩ አልጋዎችና ቁምሳጥኖች ተደራርበዋል። ከቁምሳጥኖቹ ኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

የድሮው ሰርቨር ነበር። አዲሱ ሲገዛ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ገሳይ ላይ ምንም መቀየር እንዳያስፈልግ ብሎ የድሮውን ስምና አድራሻ ለአዲሱ ሰጠው፤ የድሮውን ምናልባት ቢያስፈልግ ብሎ ከመስመሩ ብቻ ነቅሎ እዚያው ተወው። ኋላ የመጡ ገመድ ዘርጊዎች የተነቀለውን አይተው መልሰው ሰክተውታል። ከገሳይ የሚመጣው መስመር መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ከሱ ጎን ካለች መስመር አከፋፋይ ሳጥን ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የድሮው ማሽን ማንም ሳይነካው ከአዲሱ ቀድሞ ይነሳል። በዚያን ቀን ገሳይ ስትጣራ እሱ ይመልሳል፤ በማግስቱ እንደ አዲስ ስትጣራ ግን አዲሱ ይቀድማል። አዲሱ ከተገዛ ወዲህ ያለውን ስለማያውቅ፣ ያኔ ተመለሱ የተባሉት ሁሉ ለሱ አሁንም ተራ ይጠብቃሉ፤ ማንም አልሞተም።

ጋሼ ይስማው የመረጃ መስመሩን ብቻ ነቀሉት። ኤሌክትሪኩን ልነቅል ስል «ተዪው» አሉኝ። «የጠፉት ሰዎች ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው።»

በማግስቱ በሚኒባስ ገሳይ ሄድን። ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቶ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው። ጋሼ ይስማው በመስኮቱ ወደ ጉና በኩል ሲያዩ ቆዩ።

«ወንድሜ የቀረው እዚያ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ገብስ ጭነን ስንወርድ እንደዛሬው ጉም ያዘን። በቅሎዋን የምስብ እኔ ነበርኩ። ከኋላችን በስሙ ተጠራ። ድምፁ የእናታችን ነው። አቤት ብሎ ተመለሰ።»

«እናትዎ ተከትለዋችሁ ነበር?»

«እናቴ እቤት ነበረች። ወንድሜን በማግስቱ ከገደሉ ሥር አነሳነው።»

«ታዲያ የጠራው ማን ነበር?»

«አላውቅም። ሰዉ ሞኝ ነበር፣ ጆሮው ነው ያሳሳተው አለ። እኔም ግን ሰምቼዋለሁ።» ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።

ገሳይ ላይ በየኮምፒውተሩ ማኅተሙን አስገቡ፤ ካልታወቀ ማሽን ጋር እንዳይገናኝ አድርገው «አዎ» የሚለውን አነሱት። ሲጨርሱ ሲስተር ዘነበችን እንድትሞክረው ጠሯት። ተቀመጠች። ቢጫው ማስጠንቀቂያ አልመጣም፤ በቀጥታ ገባች። ወረፋው ላይ ያሉት ደጅ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ናቸው። ሰብለ በደስታ ተንፍሳ ታካሚ ልትጠራ ወጣች። ሲስተር ዘነበች ግን ከስክሪኑ ዓይኗን አላነሳችም።

«ያኛውስ?» አለች። «ያኛው ጠፋ?»

ጋሼ ይስማው ሄደው በሩን ዘጉና ወንበር ስበው ከፊቷ ተቀመጡ። «ዘነበች፣ ሁለት መሆናቸውን ታውቂ ነበር?»

«መጀመሪያ አላወቅሁም» አለች። «አንድ ቀን መብራት ሲመጣ ገባሁ። ማርታ ወረፋ ላይ ነበረች።»

ማርታ ልጇ ናት። ሰባት ዓመቷ ነበር። ሞቷን ሰምቼ ነበር፤ እንዴት እንደሞተች ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም። ትኩሳት ይዟት እናቷ ራሷ መርምራ፣ መድኃኒት ሰጥታ ነበር ወደ ቤት የወሰደቻት። በማግስቱ ጠናባት። ወደ ባሕር ዳር ሲወስዷት መንገድ ላይ አለፈች።

«የመጨረሻውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ» አለች ሲስተር ዘነበች። «ሙቀቷን፣ ክብደቷን፣ ከሥሩ ‹ነገ ትመለስ›። አዲሱ ላይ ሞታለች ይላል። እዚያኛው ላይ ግን ነገ ትመለሳለች።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መብራት ሲሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ሲመጣ ቀድሜ ሮጬ እቀመጣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የዚያች ነፍሰ ጡር ቀን ሰብለ የትኛው ውስጥ እንደነበረች የገባኝ፣ መርፌው ከተወጋ በኋላ ነው።»

ጋሼ ይስማው አልቆጧትም፤ አይዞሽም አላሏትም። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ለዶክተሩ አልነግርም» አሏት። «የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

«እነግረዋለሁ።»

«ከዚያ በፊት ግን ደብረ ታቦር ነይ። እዚያ ማሽን ውስጥ ያሉትን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።»

በሳምንቱ መጀመሪያ መጣች። መጋዘኑን ጠርገን ለድሮው ማሽን ስክሪን ገጥመንለት ነበር። በስሕተት እዚያ የተመዘገቡትን በሕይወት ያሉ ሰዎች አንድ በአንድ እያነበበችልን ወደ አዲሱ አዛወርን። ያን ቀን ሰብለ ለሙከራ የጻፈችው ስም ሳይቀር ወጣ። ከዚያ ተራ ጠባቂዎቹ ቀሩ። እነሱን ትተን ማሽኑን እናጥፋው አልኩ እኔ።

«ሰው ተሰልፎ እያለ?» አሉኝ ጋሼ ይስማው። የቀልድ ፊት አልነበራቸውም።

እኔ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር ዘነበች ከኋላዬ ቆማ ስሙን ታያለች። «ድነው ሄደዋል» ስትል እዘጋዋለሁ። «ዐርፈዋል» ስትል ደግሞ ማረፋቸውን እጽፍና እዘጋዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጋሼ ይስማው ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው «ነፍስ ይማር» ይላሉ። የሰብለ የአክስት ባልም በዚያ ወጡ። እያንዳንዱ ስም ሲዘጋ ወረፋው ወደ ላይ ከፍ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ሰው የቀለለ መሰለኝ። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በመጨረሻ አንድ ስም ቀረ። ተነስቼ ወንበሩን ለቀቅሁላት።

ገጹን ከፈተችው። ሙቀት፣ ክብደት፣ ነገ ትመለስ። በእጇ ጽሑፉን ሳይሆን የስክሪኑን ጠርዝ ዳሰሰችው። ከዚያ መሞቷን ጻፈች። ጣቷ «አስቀምጥ» የሚለው ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይኼን ስጫን ምን ትሆናለች?»

«ምንም አትሆንም ልጄ» አሏት። «የሆነችውን ሆናለች።»

ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ ተጠባባቂ የለም የሚል መጣ። ጋሼ ይስማው በእጃቸው ጀርባ ማሽኑን ነክተው አጠፉት። ማራገቢያው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ቆመ። ሲስተር ዘነበች እስኪቆም ድረስ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችው፤ ከዚያ ነው ያለቀሰችው፣ ድምፅ አውጥታ፣ ቁምሳጥኑን ደግፋ። እሳቸው ወጥተው በሩ ላይ ቆሙና ማንም እንዳይገባ ጠበቁላት።

በዚያው ቀን ለዶክተሩ ነገረችው። ከኃላፊነቷ አነሳት፤ ነርስነቷን አልከለከላትም። ነፍሰ ጡሯ በሰላም ወለደች፤ ሲስተር ዘነበች እስከ አራስ ቤቷ ድረስ ሄዳ ይቅርታ እንደጠየቀቻት ሰብለ ነገረችኝ። የድሮውን ማሽን ጋሼ ይስማው በታተኑት፤ ዲስኩን በመሰርሰሪያ በሱት። መጋዘኑ ውስጥ ከሳጥኗ በቀር የሚበራ ነገር አልቀረም።

ያ ሁሉ ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ፣ ጉም በዋለበት አንድ ከሰዓት፣ ጋሼ ይስማው ለሌላ ሥራ እኔ ጋ መጥተው ሳለ መብራት ሄዶ መጣ። ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ዘነበች ናት። አሁን ተረኛ ነርስ ሆና እዚያው ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣለች። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት።

«አልገባም አለኝ» አለች። «የዚህ ኮምፒውተር ማንነት አልተረጋገጠም ይላል።»

ሰርቨሩን አየሁት። ገና እየተነሳ ነው፤ ለማንም የሚመልስበት ደረጃ ላይ አልደረሰም። የመለሰላት ነገር ባይኖር ግን ይኼ ቃል አይመጣባትም ነበር። ጋሼ ይስማው ተነስተው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። ሲመለሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምንም የለም።

«ምን ይሆን ጋሼ?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ። ሳያፍሩ፣ ሳይፈሩ ነው ያሉት። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ዘነበች፣ ‹አዎ› የሚል ነገር ያሳይሻል?»

«የለም ጋሼ። አንስተውታል እኮ።» ከኋላዋ የታካሚ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል። «ቢኖርም አልጫንም ነበር።»

ጋሼ ይስማው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። «ደግ» አሏት። «ዘግተሽ ትንሽ ጠብቂ። የኛው እየተነሳ ነው።»